ልጅዎ ‹‹ሲግናል ልማር›› ቢልዎ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ልጃችን ተምሮ ምን ይሁን ለሚለው ጥያቄ በየቤታችን የተለመደ መልስ አለን። ሐኪም ይሁን፣ መሐንዲስ ይሁን፣ ካልሆነለትም ከአባቱ ጋር ሱቅ ይቀመጥ እንላለን። እነዚህን እናውቃቸዋለን። ሐኪሙን ስንታመም አይተነዋል፤ መሐንዲሱን መንገድ ሲያስቀይስ አይተነዋል፤ ሱቁንማ አድገንበታል። ነገር ግን የመጀመሪያ ዲግሪውን ይዞ የመጣ ልጅ ‹‹አሁን ደግሞ ሁለት ዓመት ሲግናል ፕሮሰሲንግ የሚባል ትምህርት ልማር›› ቢል አባት ምን ብሎ ይመርቀዋል? ምን ብሎስ ይከለክለዋል? የማያውቁትን ነገር መፍቀድም መከልከልም ያስቸግራል።

እኔ ቢቸና ከተማ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ቂርአትን በመድረሳ፣ ሒሳብን በመንግሥት ትምህርት ቤት የቀሰምኩ በመሆኔ ከቢቸናም ከሞጣም ያሉ ወላጆች ‹‹ሁለቱንም ወገን ያውቃል›› እያሉ ስለ ልጆቻቸው ያማክሩኛል። ከነዚህ አንዱ ሞጣ ላይ የሚነግዱ አባት ናቸው። ልጃቸው ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተመርቆ የስልክ ማማ በሚጠግን አንድ ተቋራጭ ዘንድ በጊዜያዊነት ይሠራል። አባትየው ‹‹ኡስታዝ፣ እኔ ዕውቀት የምጠላ ሰው አይደለሁም። ግን አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ ይህን ልጅ የሚቀጥር አለ ወይ?›› አሉኝ። እኔም ‹‹ሐጂ፣ መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንወቅ፤ ስለ ቅጥሩ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን›› አልኳቸው። ይህ ጽሑፍም በዚያው ቅደም ተከተል ይሄዳል።

ለመሆኑ ሲግናል ማለት ምንድን ነው? በጊዜ ወይም በቦታ የሚለዋወጥና መልእክት ያዘለ ነገር ሁሉ ሲግናል ይባላል። የሙአዚኑ ድምፅ ሲግናል ነው፤ የልብ ትርታ ሲግናል ነው፤ ፎቶግራፍም ሲግናል ነው። ሙአዚኑ አዛን ሲል አየሩ ይርገበገባል፤ ማይክሮፎኑ ያንን ርግብግቢት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ በዛሬው መሣሪያ ደግሞ ኤሌክትሪኩ ወደ ቁጥር ይለወጣል። ድምፅ ቁጥር ከሆነ በኋላ ይደመራል፣ ይባዛል፣ ይጣራል፣ ይላካል። ይህን የሚመራው የሒሳብ ጥበብ ሲግናል ፕሮሰሲንግ ነው። እናቶቻችን ዱቄቱን ከእብቁ በወንፊት እንደሚለዩት፣ የዚህ ሙያ ሰው መልእክቱን ከጫጫታው በቁጥር ወንፊት ይለየዋል።

ነገሩ ረቂቅ እንዳይመስላችሁ በየኪሳችን ያለውን ስልክ እንውሰድ። በተለመደው የስልክ አሠራር የተናጋሪው ድምፅ በእያንዳንዱ ሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካል። ምክንያቱም ለንግግር የሚበቃው የድምፅ ርግብግቢት በሰከንድ ከ4,000 በታች ስለሆነና አንድን ሲግናል ሳያጠፉ በቁጥር ለመያዝ ከከፍተኛ ርግብግቢቱ እጥፍ በላይ መለካት ስለሚያስፈልግ ነው። እያንዳንዱ ልክ በ8 ቢት ሲጻፍ በሰከንድ 64,000 ቢት ይሆናል። ይህን ሁሉ በአየር ላይ መላክ ውድ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ የጂ.ኤስ.ኤም. ሞባይሎች ንግግሩን በሰከንድ ሃምሳኛ ቁራጭ እየቆረጡ የጉሮሮውንና የአፉን ቅርጽ የሚገልጹ ቁጥሮችን ያሰሉና በ13,000 ቢት ብቻ ይልኩት ነበር። ከሞጣ ጅዳ ላለው ልጃችን ስንደውል የምንሰማው ድምፅ እንዲህ በሒሳብ ተፈትቶ እንደገና የተገጠመ ድምፅ ነው።

የዚህ ሒሳብ ትልቁ መሠረት ፉሪየር ከሚባል ፈረንሳዊ ሊቅ የመጣ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1798 ከናፖሊዮን ጋር ግብፅ የዘመተ ሲሆን፣ በ1822 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ሙቀት ሲያጠና የተወሳሰበ ሞገድ ሁሉ የቀላል ሞገዶች ድምር ሆኖ ሊጻፍ እንደሚችል አስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1965 ኩሊና ቱኪ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ይህን ስሌት በኮምፒዩተር በጣም የሚያፈጥን መንገድ አሳተሙ። ዛሬ ሐኪም ቤት ያለው የልብ መመርመሪያ፣ አልትራሳውንድና ኤም.አር.አይ.፣ የአውሮፕላን ራዳርም፣ የሳተላይት ሥዕልም በዚህ ጥበብ ይሠራሉ።

እዚህ ላይ ለመድረሳ ልጆች ልዩ መልእክት አለኝ። ብዙዎቹ ልጆቻችን ከመድረሳ ወጥተው ዓለማዊ ትምህርት ሲገቡ ያ የተማሩት ለሃይማኖት ብቻ የሚሆን፣ ከሳይንስ ጋር የማይገናኝ ይመስላቸዋል። ለዚህ ሙያ ግን የተጅዊድ ትምህርት በሩ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ደረሳው ገና በልጅነቱ እያንዳንዱ ፊደል ከየት እንደሚወጣ፣ መኻሪጁን ይማራል። መድ ሁለት፣ አራት ወይም ስድስት ሐረካ እየተባለ ድምፅን በጊዜ መለካት ይለምዳል። ጉንናው በአፍንጫ እንዴት እንደሚያልፍ፣ የቀልቀላ ፊደላት እንዴት እንደሚነጥሩ በጆሮው ይለያል። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ይህንኑ በግራፍ ተሥሎ ያገኘዋል። ሌላው ተማሪ ስዕሉን ያየና ድምፁን ይፈልጋል፤ የመድረሳው ልጅ ግን ድምፁን አስቀድሞ ያውቀዋልና ስዕሉን መረዳት ይቀለዋል።

አባቶቻችንም በዚህ መንገድ ሄደዋል። በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩት ኸሊል ኢብኑ አሕመድ አል-ፈራሂዲ የመዝገበ ቃላታቸውን ፊደላት ያሰለፉት በመውጫ ቦታቸው ነው። ከጉሮሮ ጀምረው ወደ ከንፈር ስለሄዱ ‹‹ኪታቡል ዐይን›› ተባለ። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ የኖሩት አል-ኪንዲ ደግሞ በምስጢር የተጻፈ መልእክትን የፊደላቱን ድግግሞሽ በመቁጠር መፍታት እንደሚቻል ጽፈዋል። በተዘበራረቀ ነገር ውስጥ የተደበቀን መልእክት በቁጥር መፈለግ ማለት ይኸው ነው። ኢማሙ አል-ገዛሊም (ረሒመሁሏህ) በ‹‹ኢሕያእ›› ኪታባቸው ሕክምናንና ሒሳብን ከፈርድ ኪፋያ ዕውቀቶች ቆጥረዋቸዋል። ከማኅበረሰቡ መካከል የሚያውቀው ሰው ከጠፋ ኃላፊነቱ በሁላችንም ላይ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ሀገራችን ሁኔታ እንምጣ። ወጣቱ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው፣ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ይህ ትምህርት በአብዛኛው የሚሰጠው በራሱ ስም ሳይሆን በኮሙኒኬሽን ወይም በኮምፒዩተር ምሕንድስና ማስተርስ ውስጥ መሆኑን ነው። አዲስ አበባ ላይ አምስት ኪሎ ባለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በአማራ ክልል ደግሞ በ1955 ዓ.ም. ፖሊ ቴክኒክ ሆኖ በተጀመረው የባሕር ዳር የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይገኛል። ለመግባት የመጀመሪያ ዲግሪና ሀገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ስለዚህ ተማሪው የፕሮግራሙን ስም ሳይሆን በውስጡ ያሉትን ኮርሶችና የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያማክረውን መምህር አይቶ ይምረጥ።

በዚህ ዘርፍ ኢትዮጵያውያን ምን ሠሩ ለሚል ሰው አንድ ምሳሌ ልስጥ። እ.ኤ.አ. በ2005 ዶክተር ሰሎሞን ተፈራ በጀርመን ሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ከነበሩ ባልደረቦቻቸው ጋር ኮምፒዩተር አማርኛ ንግግርን እንዲያውቅ ለማስተማር የሚያገለግል የድምፅ ክምችት አስተዋወቁ። 100 ሰዎች ያነበቡት፣ 20 ሰዓት የሚሆን ንግግር ነው። ዶክተር ማርታ ይፍሩም በአማርኛ የቃላት እርባታ ላይ ተመሥርተው ይህንኑ ሥራ አስፋፍተዋል። ሥራው ለምን ይከብዳል ብትሉ፣ አማርኛችን ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ ይለወጣል፤ ፊደሉ ግን ያው ነው። ‹‹ይበላል›› ብላችሁ ጻፉ፤ ሰውየው እየበላ ነው ወይስ ምግቡ የሚበላ ነው? ዓረብኛ ሸድዳ አለው፤ እኛ የለንም። መኪናው የሚለየው በድምፁ ርዝመት ብቻ ነው። ይህን ችግር ከእኛ በላይ የሚያውቀው የለም፤ ካልሠራነውም ሌላ የሚሠራልን የለም።

እንግዲህ ወደ አባትየው ጥያቄ ልመለስ፤ የሚቀጥር አለ ወይ? እውነቱን ለመናገር በሀገራችን ጋዜጣ ላይ ‹‹የሲግናል ፕሮሰሲንግ ባለሙያ እንፈልጋለን›› የሚል ማስታወቂያ ብርቅ ነው። ሥራው ግን በሌላ ስም አለ። ኢትዮ ቴሌኮም አለ፤ በመስከረም 2015 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም አለ። ሁለቱም የሬዲዮ ሲግናልን የሚለካ፣ ጣልቃ ገብ ድምፅን የሚለይ፣ አዲስ ኔትወርክ የሚያቅድ መሐንዲስ ይፈልጋሉ። በ2012 ዓ.ም. የተቋቋመው የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ተቋም በሀገራችን ቋንቋዎች ንግግርና በምስል ላይ ይሠራል። የሕዋ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት የሳተላይት ምስል ይተነትናል። ዩኒቨርሲቲዎች ማስተርስ ያለው መምህር ይቀጥራሉ። የሕክምና መሣሪያ የሚጠግኑና የሚያስገቡ ድርጅቶችም ከመፍቻ በላይ የሚያውቅ ሰው ይሻሉ። ይሁን እንጂ ቦታው ጥቂት፣ አመልካቹ ብዙ ነው። ዲግሪውን ብቻ ይዞ የሚሄድ ይመለሳል፤ የሠራውን ነገር ይዞ የሚሄድ ግን ይሰማል።

ከሀገር ውጭ በሩ ሰፊ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ በቀይ ባሕር ዳርቻ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው የንጉሥ ዐብደላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ለሚቀበላቸው የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የትምህርቱን ክፍያና የኑሮ ወጪያቸውን ይሸፍናል። ዳህራን ያለው የንጉሥ ፈህድ ዩኒቨርሲቲም፣ የቱርክ መንግሥትም፣ የጀርመኑ ዳድም የትምህርት ዕድል ይሰጣሉ። ይህን የምጠቅሰው አንድም በወለድ ተበድሮ ከመማር መጠበቂያ መንገድ መኖሩን ለማሳየት ነው። ሪባ የገባበት ትምህርት ገና ከጅምሩ በረካው ይጎድላልና፣ ወጣቶች ዕድሉን ከነሙሉ ወጪው ፈልጉ። መሥፈርቱ በየዓመቱ ስለሚለወጥ ማስታወቂያውን ራሳችሁ አንብቡ እንጂ በደላላ አትመኑ።

ስለ ሴቶች ልጆቻችንም አንድ ቃል ልበል። ይህ ሙያ ጉልበት ሳይሆን ትዕግሥትና ሒሳብ የሚፈልግ፣ ብዙው ሥራ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ የሚሠራ ነው። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ ወደ አሜሪካ ሄዳ ኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተምራ፣ በአፕል ኩባንያ ለመጀመሪያው አይፓድ የድምፅ ሲግናል ሥራ ሠርታለች። በኋላም በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቷን ይዛ ማሽኖች የሰውን ፊት ሲለዩ ጥቁር ሴቶችን አብዝተው እንደሚሳሳቱ ከባልደረባዋ ጋር በጥናት አሳይታለች። ልጃገረዶቻችን ሒጃባቸውን ለብሰው ከዚህ ሥራ የሚያስቀራቸው አንዳች ነገር የለም።

ይህ የትምኒት ታሪክ ሌላም ያስታውሰናል። ድምፅንና መልክን የሚለይ ጥበብ ለሕመምተኛ መርመሪያ እንደሚሆን ሁሉ ሰውን ለመሰለል፣ ከሰማይ ሆኖ ለማጥቃትም ይውላል። አላህ ሱብሓነሁ ወተዓላ በቁርኣኑ መሰለልን ከልክሎናል። ስለዚህ የሙስሊም ባለሙያ ‹‹ደመወዙ ስንት ነው?›› ከማለቱ በፊት ‹‹ሥራው ለምን ይውላል?›› ብሎ መጠየቅ አማናው ነው።

ውድ አንባብያን፣ የሞጣው አባት ጥያቄ ከቅጥር ያለፈ ክብደት ነበረው። የሞጣ ሰው ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.ን አይረሳም። በዚያ ጁምዓ መስጂዶቻችን ተቃጠሉ፤ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆችም ተዘረፉ፣ ነደዱ። የእኒህ አባት ሱቅ ከነደዱት አንዱ ነበር። በዚያው ዕለት ማለዳ ኢትዮጵያ 72 ኪሎ ግራም የምትመዝነውን የመጀመሪያ ሳተላይቷን ከቻይና አመጠቀች። ልጁ ያኔ ባሕር ዳር የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበር። ጓደኞቹ በቴሌቪዥን የሳተላይቷን ዜና ሲያዩ እርሱ ስልክ ይዞ የአባቱን ድምፅ ይፈልግ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ አባትየውን ‹‹ሱቅ ይቃጠላል፤ ዕውቀት አይቃጠልም፤ ልጅዎን ያስተምሩ›› ይላቸዋል። እርሳቸው ግን ‹‹እውነት ነው፤ አይቃጠልም። ግን ኡስታዝ፣ የማይቀጠር ዕውቀት ጤፍም አይሸምትም። ሱቁን ከባዶ ያነሣሁት በዕዳ ነው። ከዚህ ልጅ በታች አራት አሉ›› አሉኝ። መልሱ ከበደኝ። ለዕውቀት ያለኝ ፍቅር የእኒህን ሰው ዕዳ አይከፍልም። አባት ስለ ልጁ እንጀራ መጨነቁ የዲን ጉድለት አይደለም፤ ቤተሰብን ማስተዳደር ራሱ ዒባዳ ነው።

ልጁን ለብቻው ጠየቅሁት፤ ‹‹ምን ልትሠራበት ነው?›› ብዬ። እርሱም በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች መዘጋታቸውን፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ መቆየቱን አስታወሰኝ። ቁርኣን ሲቀራ እየሰማ የሚከታተል ‹‹ታርቲል›› የሚባል የስልክ ፕሮግራም በዓለም ላይ አለ። ልጁ የሚያስበው በርካሽ ስልክ ላይ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ አማርኛ ተናጋሪ ልጅ ‹‹ዓይን››ን ‹‹አሊፍ››፣ ‹‹ሷድ››ን ‹‹ሲን›› አድርጎ ሲቀራ ሰምቶ የሚያርም ፕሮግራም መሥራት ነው። ‹‹ያው ዘዴ አማርኛ ለሚያነቡ ሕፃናትም ይሆናል›› አለኝ። በዚህ ጊዜ ልጁ ለማዕረግ ሳይሆን ለሥራ እንደሚማር ገባኝ።

ከዚህ በኋላ ሦስታችን ተቀምጠን ተማከርን። ልጁ ሥራውን ሳይለቅ ስድስት ወር ካልኩለስን፣ ሊኒየር አልጀብራንና ፕሮባቢሊቲን ይከልሳል፤ በዚህ ትምህርት የሚወድቁት አብዛኞቹ የሚወድቁት በሒሳብ ነውና። ዋጋው ውድ የሆነውን ማትላብን ከመመኘት ይልቅ በነፃ በሚገኙት በኦክታቭና በፓይተን የራሱን ቂርአት ቀድቶ ፊደላቱን መለየት ይለማመዳል። የመግቢያውን ፈተና ወስዶ ወጪው የሚሸፈንበትን ቦታ ካገኘ አባቱ ሁለት ዓመት ይሰጡታል፤ ሱቁን ታናሽ ወንድሙ ያግዛል። ካላገኘ ዘንድሮ ሥራው ላይ ይቆይና በሚቀጥለው ዓመት ይሞክራል። አባትየውም ‹‹እንዲህ ተቆጥሮ ከመጣማ ይሁን። ንግድም እኮ ያለ ሒሳብ አይሆንም›› አሉ። ይህን ስጽፍ ልጁ ፈተናውን ወስዶ ውጤት በመጠበቅ ላይ ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጅዎ እንዲህ ያለ ትምህርት ልማር ሲልዎ ስሙን ስላልሰሙት ብቻ አይከልክሉ፤ ስሙ ስላማረም አይልቀቁት። ሦስት ነገር ይጠይቁት። ሒሳቡ እንዴት ነው? ወጪውን ማን ይሸፍናል? የማንን ችግር ልትፈታበት ነው? ሦስቱን በሚገባ ከመለሰ ይመርቁት። ሦስተኛውን ካልመለሰ ግን ዲግሪው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል እንጂ ቤት አይሞላም። ወጣቶችም ኢስቲኻራ ስገዱ፣ የሚያውቅ አማክሩ፣ የወላጆቻችሁን ሸክም አትርሱ። በዲናችን የመጀመሪያው የወረደ ትእዛዝ የማንበብ ትእዛዝ እንደነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

አላህ ጠቃሚውን ዕውቀት ከሐላል ሲሳይ ጋር ይስጠን። ለሞጣና ለቢቸና፣ ለሀገራችንም ሁሉ ሰላሙን ያውርድልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱሏሂ ወበረካቱህ።